የምርመራ ውጤትን ከታማሚው ጋር አብሮ ማንበብ

(በባምባሲ ለሕክምና ተማሪዎችና ለነዋሪዎች የተደረገ ንግግር)



የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ በአገራችን መገኘቱ ከተነገረበት ከመጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ወዲህ «ፖዘቲቭ» እና «ኔጋቲቭ» የሚሉት ቃላት ከላቦራቶሪ ወጥተው በየቤቱ ገብተዋል። ትርጉማቸውን አሳስቶ መረዳት ግን ሕይወት ያስከፍላል።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ዝናቡ አልፎ ወባ በሚበረታበት ወቅት አንዲት እናት ትኩሳትና ሳል ይዟቸው ወደ ጤና ጣቢያ ይመጣሉ። የወባ ፈጣን ምርመራቸው ፖዘቲቭ ይሆናል። ተማሪው መድኃኒት ሰጥቶ ሊያሰናብታቸው ይቸኩላል። መምህሩ ግን፦ «በቅርቡ ለወባ ታክመው ነበር? ሳሉ መቼ ጀመረዎ? በቤትዎ ሌላ የታመመ ሰው አለ?» ብሎ ይጠይቃል። ፈጣኑ ምርመራ የሚለየው የወባ ተውሳክን ፕሮቲን ነው፤ ይህም ታማሚው ከዳነ በኋላ ለሳምንታት በደም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ደሙን በአጉሊ መነጽር ማየት ያስፈልጋል። ወባው ቢረጋገጥ እንኳ ኮቪድ-19 የለም ማለት አይደለም፤ ሁለቱ በሽታዎች አንድን ሰው በአንድ ጊዜ ሊይዙ ይችላሉ። ወባውን ሳይዘገዩ ማከም፣ የኮቪድ-19 ናሙናም መውሰድ ተገቢ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ ቁጥሩንም አስቡ። ከ1000 ሰዎች መካከል 10ሩ ቫይረሱ አለባቸው እንበል። ምርመራው ከ10ሩ 8ቱን ቢያገኝ፣ ከቀሪዎቹ 990 ሰዎች ደግሞ 20ውን በስሕተት ፖዘቲቭ ቢል፣ ፖዘቲቭ ከተባሉት 28 ሰዎች በእርግጥ የተያዙት 8ቱ ብቻ ናቸው። ሁለቱ የተያዙ ሰዎች ግን «ኔጋቲቭ» ተብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እንግዲህ ውጤት ፍርድ ሳይሆን ማስረጃ ነው፤ ከታማሚው ቃል፣ ከምልክቱና ከበሽታው ሥርጭት ጋር ተገናዝቦ ይነበባል።

የተከበራችሁ ነዋሪዎች፣ የእናንተም ድርሻ ቀላል አይደለም። ቫይረሱ ወደ ሰውነት በገባባቸው የመጀመሪያ ቀናት የተወሰደ ናሙና ቫይረሱን ላያሳይ ይችላል። በመሆኑም ውጤታችሁን እስክታውቁ ከሰው ተለይታችሁ ቆዩ። «ኔጋቲቭ» ከተባላችሁ በኋላ ሳል፣ ትኩሳት ወይም የትንፋሽ ማጠር ቢታይባችሁ በ8335 ደውሉ ወይም ለጤና ባለሙያ አስታውቁ። የት እንደነበራችሁና ከማን ጋር እንደተገናኛችሁ ለሐኪማችሁ በግልጽ ንገሩ። አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» እንዳሉት፣ እናንተ የደበቃችሁትን ላቦራቶሪ ብቻውን ሊገልጠው አይችልም።