ሰደቀቱል ጃሪያ ጠባቂ ይፈልጋል

  

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ከተማ ውኃ ነው። ብዙዎቻችን ጉዳዩ የመንግሥት ብቻ ይመስለናል፤ ነገር ግን የዲናችንም ጉዳይ ነው።

ሰው ከሞተ በኋላ ምንዳቸው ከማይቋረጥ ሥራዎች አንዱ ሰደቀቱል ጃሪያ መሆኑን ሁላችንም ሰምተናል። «ጃሪያ» ማለት የሚፈስ፣ የማይቆም ማለት ነው። ይህን ተስፋ አድርገን መስጂድ እንሠራለን፤ የውኃ ጉድጓድም እናስቆፍራለን። እስከ ምረቃው ቀን ድረስ ገንዘብ አይጠፋም። ከምረቃው በኋላስ?

ከራሳችን እንጀምር። ከዓመታት በፊት የሰፈራችን ጀመዓ አዋጥቶ ቦኖ አሠራ። ዱዓ ተደረገ፤ እናቶችም መረቁን። ብዙም ሳይቆይ ቧንቧው ተሰበረ። ማስጠገኛው ለግንባታው ከወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነበር። ሆኖም ለጥገና ብለን ያስቀመጥነው ሳንቲም አልነበረም፤ ኃላፊነቱም የማን እንደሆነ አልወሰንንም። እናቶቻችን ጀሪካናቸውን አዝለው እንደ ድሮው ሩቅ መሄድ ጀመሩ። ጥፋቱ የእኛው ነበር።

ቀደምቶቻችን ግን ይህን ያውቁ ነበር። የኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለመካ ነዋሪዎችና ለሑጃጆች ውኃ የሚያደርስ ቦይ ከሀብቷ አሠራች። ዐይን ዙበይዳ የሚባለው ይህ ቦይ በየዘመኑ በደለል ይሞላል፤ ይፈርሳልም። በየዘመኑም የሚጠግነው ሰው ይነሳል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የዑስማኒያው ሱልጣን ሱለይማን ልጅ ሚህሪማህ ወጪውን ችላ እንዲታደስ አድርጋለች። ቦዩ ከሺህ ዓመት በላይ ያገለገለው በጠጋኞቹ ጭምር ነው።

የወቅፍም ምሥጢር ይኸው ነው። ወቅፍ አድራጊው ሕንጻውን ብቻ ሰጥቶ አይሄድም፤ ኪራይ የሚያስገባ ሱቅ ወይም እርሻ አብሮ ይሰጣል። የሐነፊ መዝሀብ ሊቃውንትም የወቅፍ ገቢ በቅድሚያ ለእድሳቱ እንዲውል አስተምረዋል።

ጥበቃው ቧንቧው ላይ ብቻ አይቆምም፤ ምንጩንም ይጨምራል። የሐረርን ነገር እንመልከት። ከተማዋ ለአሥርት ዓመታት ከሐረማያ ሐይቅ ትጠጣ ነበር። ሐይቁ ለመስኖና ለከተሞች ከልክ በላይ ተቀዳ፤ ከተራቆተው ኮረብታ የሚወርድ ደለልም ሞላው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። ሐረር ከዚያ በኋላ ውኃዋን ከሩቅ፣ ከድሬዳዋ አካባቢ ቆላ፣ በፓምፕ ሽቅብ እየገፋች ማምጣት ግድ ሆነባት። በቅርብ ዓመታት ሐይቁ እንደገና ውኃ መያዙ ከአላህ የተሰጠ ሁለተኛ ዕድል ነው።

ወንድሞችና እህቶች፤ ከእንግዲህ ለአንድ ግንባታ መዋጮ ስንጠየቅ «ማን ይጠግነዋል? በምን ገንዘብ?» ብለን እንጠይቅ። ከመዋጮው ከፊሉ ለጥገና ይቀመጥ፤ ኃላፊም ይሰየም። የውኃ ሂሳባችንን በወቅቱ እንክፈል። መንገድ ላይ ቧንቧ ፈንድቶ ስናይ አልፈን አንሂድ፤ ለሚመለከተው እንንገር። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በአንድ ሙድ፣ በሁለት እፍኝ በሚለካ ውኃ፣ ውዱእ ያደርጉ ነበር። እኛ ግን ቧንቧውን ከፍተን ወሬ እንይዛለን።

አላህ (ሱ.ወ.) የሠራነውን ከሚጠብቁት ያድርገን። አሚን።