መንግሥት ለድርጅቶች የሚሰጠውን ገንዘብ ይፋ ማድረግ፦ መዝገቡን የሚገልጠው ማን ነው?

(በፋኩልቲው የሕዝብ ንግግር መርሐ ግብር የቀረበ ንግግር ሙሉ ቃል)



በእድር ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተገኘ ሰው ሁሉ አንድ ሥርዓት ያውቃል። ገንዘብ ያዡ ይነሣል፤ ለማን፣ መቼ፣ ስንት ብር እንደ ተከፈለ ያነባል፤ አባላቱ ያዳምጣሉ፤ ጥያቄ ያለውም ይጠይቃል። መዝገቡን የሚገልጠው ገንዘቡን የከፈለው ወገን ነው። እርዳታው የደረሰው ኀዘንተኛ በጉባኤ ፊት ቆሞ እንዲያስረዳ የሚያስገድደው የለም።

ዛሬ የምናገረው ይኸው ሥርዓት በመንግሥት ደረጃ ሲሠራ ምን እንደሚመስል ነው። ምሳሌዬ ካናዳ ናት። ካናዳን የመረጥኳት ሥርዓቱን በየቅሌቱ ማግሥት እየጨመረች የገነባች፣ ስሕተቷንም በሰነድ ያስቀረች አገር በመሆኗ ነው። የምጠቅሳቸው ዘመናት፣ ካልገለጽኩ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከቃላቱ ልጀምር። የካናዳ ፌዴራል መንግሥት በምላሹ ዕቃ ወይም አገልግሎት ሳይገዛ ለድርጅቶች የሚሰጠው ገንዘብ በዋናነት ሁለት መልክ አለው። አንደኛው ግራንት ይባላል፤ እኔ ስጦታ እለዋለሁ። ተቀባዩ መስፈርቱን ማሟላቱ አስቀድሞ ይረጋገጣል፤ ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱን ወጪ እንዲያወራርድ በአብዛኛው አይጠየቅም። ሁለተኛው ኮንትሪቢዩሽን ነው፤ በሁኔታ የታሰረ ድጋፍ እለዋለሁ። ተቀባዩ በስምምነት የገባውን ሥራ መሥራቱን ያሳያል፤ ሂሳቡም ሊመረመር ይችላል። ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ስጦታ ከተሰጠ በኋላ የሚደረግበት ቁጥጥር አነስተኛ በመሆኑ፣ የሕዝቡ ዋና ጥያቄ «መጀመሪያውኑ ለምን ለዚህ ድርጅት ተሰጠ?» የሚለው ይሆናል።

ወደ ታሪኩ ልለፍ። በጃንዋሪ 2000 የካናዳ የሰው ሀብት ልማት መሥሪያ ቤት የራሱን የውስጥ ኦዲት ይፋ አደረገ። ኦዲተሮቹ ለናሙና የመረመሯቸው 459 የፕሮጀክት ፋይሎችን ነበር። ከመቶ 15 በሚሆኑት ውስጥ የድጋፍ ማመልከቻ እንኳ አልተገኘም። ከመቶ 80 በሚሆኑት ውስጥ ደግሞ የገንዘብ ክትትል መደረጉን የሚያሳይ ማስረጃ አልነበረም። ፕሮግራሞቹ በዓመት የሚያንቀሳቅሱት ገንዘብ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ ስለ ነበር፣ ነገሩ በጋዜጦችና በምክር ቤቱ ክርክር «አንድ ቢሊዮን ዶላር ጠፋ» ወደሚል ወሬ ተለወጠ። ኦዲቱ ግን እንዲህ አላለም። ኦዲቱ ያለው ወረቀቱ በፋይሉ ውስጥ የለም ነው። የወረቀት መጓደልና የገንዘብ መጥፋት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። በዚያ ወቅት ገንዘቡን በሐቀኝነት የተጠቀመው፣ ሥራ አጥ ወጣቶችን ያሠለጠነው ትንሽ ድርጅት ንጽሕናውን በምን ያሳያል? ማን ምን እንደ ተቀበለ ሕዝቡ በየሩብ ዓመቱ የሚያየው መዝገብ አልነበረም። ዝርዝሩ የወጣው ቁጣው ከተቀጣጠለ በኋላ፣ ለመከላከያ ነበር። በቁጣ መካከል የሚወጣ ዝርዝር የሚነበበው እንደ ክስ መዝገብ ነው። በየሩብ ዓመቱ ያለ ግርግር የሚወጣ ዝርዝር ግን እንደ ተራ ሂሳብ ይነበባል። ስለዚህ ሳይጠየቁ ይፋ ማድረግ በመጀመሪያ ደረጃ የሐቀኛው ተቀባይ ጋሻ ነው እላለሁ። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገርም ከዚህ ይጀምራል።

ሁለተኛው መናወጥ የስፖንሰርሺፕ ፕሮግራሙ ነው። ከ1995ቱ የኬቤክ ሕዝበ ውሳኔ በኋላ የፌዴራሉ መንግሥት በዝግጅቶችና በበዓላት ላይ ስሙን ለማስተዋወቅ ገንዘብ መደበ። ዋና ኦዲተሯ ሺላ ፍሬዘር በፌብሩዋሪ 2004 ለምክር ቤቱ በቀረበው ሪፖርታቸው፣ ከወጣው 250 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ ከ100 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው በአገልግሎት ክፍያና በኮሚሽን መልክ ወደ ማስታወቂያ ድርጅቶች መሄዱን አሳዩ። በዳኛ ጎመሪ የተመራው አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። መንግሥቱም በኖቬምበር 2005 የመተማመኛ ድምፅ አጥቶ፣ በጃንዋሪ 2006 በምርጫ ተሸነፈ።

የዛሬው ሥርዓት መሠረት የተጣለው በእነዚህ ዓመታት ነው። በ2005ቱ በጀት መንግሥት ከ25,000 ዶላር በላይ የሆኑ ስጦታዎችንና ድጋፎችን በየጊዜው ይፋ ለማድረግ ቃል ገባ። ይህ ለዓመታት በመመሪያ ብቻ የሚሠራበት ልማድ ሆኖ ቆየ። በጁን 2019 ግን ከ1983 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የመረጃ ማግኘት ሕግ ተሻሻለና ልማዱ ሕጋዊ ግዴታ ሆነ። አሁን እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከ25,000 ዶላር በላይ የሆነ ስምምነት ሲገባ፣ ሩብ ዓመቱ ካለቀ በ30 ቀናት ውስጥ የተቀባዩን ስም፣ ቀኑንና መጠኑን በኤሌክትሮኒክ መንገድ ማውጣት አለበት። ልማድ መንግሥት ሲለወጥ ሊቀር ይችላል፤ ሕግን ለማስቀረት ግን ምክር ቤት ፊት መቅረብ ያስፈልጋል። ለሕግ ተማሪዎች ይህ ልዩነት ማብራሪያ አያሻውም።

ታዲያ መዝገቡ ከተከፈተ ጉዳዩ አለቀ ማለት ነው? አይደለም። ሦስት ክፍተቶችን ላሳያችሁ።

የመጀመሪያው፣ ዝርዝሩ የሚነግረን የስምምነቱን መጠን መሆኑ ነው። ቃል የተገባው ሁሉ ላይከፈል ይችላል፤ ስምምነቱም በኋላ ሊሻሻል ይችላል። ቁጥሮቹን ደምሮ «ይህ ድርጅት ይህን ያህል ወሰደ» ብሎ የሚጽፍ ተመራማሪ፣ ማሻሻያውን እንደ አዲስ ስምምነት ቆጥሮ ሊሳሳት ይችላል። በእርግጥ የተከፈለውን ለማየት ወደ መንግሥት ዓመታዊ የሂሳብ መዝገብ መሄድ ያስፈልጋል። እሱም ተቀባዮችን በስም የሚዘረዝረው ከ100,000 ዶላር ጀምሮ ነው።

ሁለተኛው፣ ዝርዝሩ ስለ ውሳኔው አመጣጥ ዝም ማለቱ ነው። በጁን 2020 መንግሥት የተማሪዎች የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ፕሮግራምን እንዲያስተዳድር ዊ ቻሪቲ ከተባለ ድርጅት ጋር ያለ ውድድር ተስማማ። ስምምነቱ ለማስተዳደሪያ ብቻ እስከ 43 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ክፍያ ነበረበት። በባለሥልጣናት ቤተሰቦችና በድርጅቱ መካከል ግንኙነት መኖሩ ጥያቄ አስነሣ፤ ስምምነቱም በጁላይ 3 ተቋረጠ። የሥነ ምግባር ኮሚሽነሩ በ2021 የገንዘብ ሚኒስትር የነበሩት ቢል ሞርኖ የጥቅም ግጭት ሕጉን መጣሳቸውን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግን አለመጣሳቸውን ወሰኑ። አሁን ቀኑን አስሉት። ሩብ ዓመቱ የሚያበቃው ጁን 30 ነው፤ 30 ቀን ሲጨመር ጁላይ 30 ይሆናል። የሕጉ ቀነ ገደብ ሲደርስ ስምምነቱ ከፈረሰ ወር ሊሞላው ነው። ዝርዝሩ በጊዜው ቢወጣም የሚያሳየው ስምና ቁጥር ነው። «ለምን ለዚህ ድርጅት? ሌላ ማን ታየ? ከውሳኔው ራሱን ማግለል የነበረበት ማን ነው?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ የተገኘው በምክር ቤት ኮሚቴዎችና በኮሚሽነሩ ምርመራ ነው።

ሦስተኛው ክፍተት መዝገቦቹ እርስ በርስ አለመነጋገራቸው ነው። የተመዘገበ በጎ አድራጎት ድርጅት የበጀት ዓመቱ ካለቀ በስድስት ወር ውስጥ ለካናዳ ገቢዎች ኤጀንሲ ዓመታዊ መግለጫ ያቀርባል፤ ከመንግሥት ያገኘውን ገቢም በዚያ ይገልጻል፤ ሕዝብም ሊያየው ይችላል። የሰጪው ዝርዝርና የተቀባዩ መግለጫ ጎን ለጎን ቢቀመጡ ትልቅ ማስተያያ ይሆኑ ነበር። ነገር ግን የሁለቱ የሂሳብ ዓመት ላይገጥም ይችላል፤ የአንድ ድርጅት ስምም በአንዱ መዝገብ ሙሉ ሆኖ በሌላው አጥሮ ሊጻፍ ይችላል።

እነዚህን ክፍተቶች ያየ መንግሥት ብዙ ጊዜ የሚመርጠው ቀላሉን መንገድ ነው፤ ተቀባዩን ተጨማሪ ሪፖርት መጠየቅ። ካናዳም ከ2000 በኋላ ያደረገችው ይህንኑ ነበር። ቁጥጥሩ ከመጠን በላይ በዛ። በ2006 የተሰየመው የባለሙያዎች ጉባኤም የወረቀት ሸክሙ ድርጅቶችን ከሥራቸው እያገደ መሆኑን አስረድቶ፣ ቁጥጥሩ በአደጋው መጠን እንዲመጠን መከረ። በ2013 ደግሞ የቀደምት ሕዝቦች አስተዳደሮች የተመረመረ ሂሳባቸውንና የመሪዎቻቸውን ክፍያ እንዲያወጡ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ብዙዎቹ ሕጉ ያለ በቂ ምክክር ከላይ ተጫነብን ብለው ተቃወሙት፤ በዲሴምበር 2015ም አዲሱ መንግሥት የማስገደጃ እርምጃዎቹን አቆመ።

ይህ ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ በመብት ጉዳይ ለሚሠሩ ድርጅቶች ከውጭ የሚገኘውን ገቢ በመቶኛ 10 ወሰነ፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1113 ይህን ገደብ አነሣ። በሁለቱም ዘመን ድርጅቶች ሪፖርትና የኦዲት ውጤት ለተቆጣጣሪው አካል ያቀርባሉ። በሌላ በኩል በ2000 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 590 የመንግሥት አካላት ሳይጠየቁ ሊያወጡት የሚገባ መረጃ እንዳለ ይደነግጋል። ስለ ድርጅቶች ግልጽነት ስንከራከር የመጀመሪያዎቹን ሁለት አዋጆች አዘውትረን እንጠቅሳለን፤ ሦስተኛውን ግን እንረሳዋለን። የምንወያየው ስለ ተቀባዩ መዝገብ ነው፤ የሰጪው መዝገብ ከጠረጴዛው ላይ አይቀርብም።

ከካናዳ ልምድ የምወስደው ትምህርት እንግዲህ ይህ ነው። መንግሥት የሰጠውን ገንዘብ ይፋ የማድረግ የመጀመሪያ ግዴታ የሰጪው ነው። ግዴታውም በሕግ የታሰረ፣ ጊዜው የተወሰነ መሆን አለበት። ሙሉ የሚሆነውም ሦስት ነገሮችን ሲያያይዝ ነው፦ ውሳኔው በማንና በምን መስፈርት እንደ ተሰጠ፣ በስምምነቱ ምን ቃል እንደ ተገባ፣ በመጨረሻም ምን እንደ ተከፈለና ምን እንደ ተሠራ። የካናዳ ሕግ መካከለኛውን በሚገባ ያሳያል፤ መጀመሪያውና መጨረሻው ግን ገና በየፋይሉ ተበታትነዋል።

ተማሪዎቼን አንድ ነገር ልጠይቅና ላብቃ። አንድ ድርጅት ምረጡ። ስሙን በሰጪው ዝርዝርም በራሱ ዓመታዊ መግለጫም ፈልጉ፤ ሁለቱን ቁጥሮች አስተያዩ። የማይገጣጠሙ ሆነው ብታገኟቸው ለመክሰስ አትቸኩሉ፤ ለምን እንዳልገጠሙ መርምሩ። በ2000 የተወራው ያ አንድ ቢሊዮን ዶላር ይህን ጥያቄ ረጋ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በማጣቱ የስንቱን ሐቀኛ ድርጅት ስም እንዳጎደፈ አትርሱ። መዝገብ መከፈቱ ብቻውን አይበቃም፤ በጥንቃቄ የሚያነብ ሰው ያስፈልገዋል፤ የዚህ ፋኩልቲ ሥራም እንዲህ ያለውን አንባቢ ማፍራት ነው።