የፕሮንግሆርን ቀንድ ልክ

እርሱ፦ በአሜሪካ በዋዮሚንግ ሜዳ ላይ የሚሮጠው፣ በፍጥነቱ እጅግ የተመሰገነው ፕሮንግሆርን የሚባል እንስሳ፣ ቀንዱ በምን ሥርዓት እንደሚዳኝ ዛሬ እንነጋገራለን።

እርስዋ፦ ረጅሙ ይበልጣል ማለት አይደለምን?

እርሱ፦ አይደለም፣ እኅቴ። ቴዎዶር ሩዝቬልት በ1887 እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር የመሠረተው የቡንና ክሮኬት የአዳኞች ማኅበር ኋላ ባጸናው ሥርዓት፣ የቀንዱ ርዝመት፣ ወደ ፊት የወጣው ቅርንጫፍና በአራት ስፍራ የተወሰደው የዙሪያው ልክ፣ እስከ ኢንች ስምንተኛ ድረስ ተመርምሮ ይደመራል፤ ስለዚህ ቀጭን ሆኖ የረዘመው፣ አጠር ብሎ በወፈረው ሊበለጥ ይችላል።

እርስዋ፦ ግራና ቀኙ ባይተካከልስ?

እርሱ፦ ልዩነቱ ይቀነሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት ግን ይጻፋል እንጂ አይቈጠርም።

እርስዋ፦ በዚህስ አልስማማም። ፈጣሪ ግርማን የሰጠውን ቀንድ፣ አንዱ ወገን ጥቂት ስለ ጐደለ ብቻ ማሳነስ ፍትሕ አይመስለኝም።

እርሱ፦ ቅሬታዎ ተገቢ ነው፤ የማኅበሩ ሰዎች ግን የመልክን መስተካከል የጤናማ ፍጥረት ምልክት አድርገው ያከብሩታል።

እርስዋ፦ ውጫዊው ቀንድ በየዓመቱ ወልቆ በአጥንቱ ላይ አዲስ ይበቅላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

እርሱ፦ እውነት ነው። የታደነው እንስሳ ቀንድም ሲደርቅ ስለሚኰማተር፣ ለ60 ቀን ሳይደርቅ በይፋ አይለካም።

እርስዋ፦ በአጥር ተከቦ የተገደለውስ?

እርሱ፦ ልኩ ምንም ያህል ቢሆን፣ በማኅበሩ መዝገብ አይገባም።