ምግብ መቀነስ ወይስ ጨጓራ ማስቆረጥ? ስለ ስኳር በሽታ
(በዕድራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንድ አባላችን ተነሥተው፣ «ልጄ ከውጭ አገር ደውሎ ‹አባባ፣ ጨጓራዎን በቀዶ ሕክምና ያሳንሱ፣ ስኳሩ ይጠፋልዎታል› ይለኛል፤ የጎደለውን ዕድሩ ያበድረኛል ወይ?» ብለው ጠየቁ። አንዳንዱ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም። ሣጥናችን በደንቡ መሠረት ለቀብር እንጂ ለሕክምና አይከፈትም፤ ጥያቄው ግን መልስ ይገባዋል።

ነገሩ የተጀመረው ከራሱ ከቀዶ ሕክምናው ነው። ጨጓራቸው የተቀነሰላቸው ወፍራም ሰዎች፣ ኪሏቸው ገና ሳይወርድ ስኳራቸው በቀናት ውስጥ ይወርድ ነበር። በእንግሊዝ አገር በኒውካስል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሮይ ቴይለር፣ ሥራውን የሠራው ቢላዋው ሳይሆን የምግቡ ማነስ ይሆን እንዴ ብለው አሰቡ። በ2011 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር 11 ሕሙማንን ለ8 ሳምንት በቀን 600 ካሎሪ ያህል ብቻ መገቧቸው። የጧት ስኳራቸው በአንድ ሳምንት ተስተካከለ፤ በጉበታቸውና በቆሽታቸው የተጠራቀመው ስብም ቀለለ። ኋላም ከስኮትላንዱ ፕሮፌሰር ማይክ ሊን ጋር በሰፊው ሞከሩት። በ2017 የወጣው ውጤት፣ ከ3 እስከ 5 ወር በቀን 850 ካሎሪ ገደማ ከወሰዱት 149 ሰዎች 68ቱ በዓመቱ ያለ መድኃኒት ስኳራቸው ልክ ሆኖ ተገኘ ይላል። በሁለተኛው ዓመት 53 ቀሩ። ኪሎው የተመለሰበት ሰው ስኳሩም ይመለስበታል ማለት ነው።

ቢላዋውንም አናጣጥልም፤ በጣም ለወፈረ ሰው ኃይሉ ይበልጣል። ነገር ግን ስዊድኖች ለብዙ ዓመት ተከታትለው እንዳዩት፣ ከቀዶ ሕክምናው ሁለት ዓመት በኋላ ከመቶው 72ቱ ከስኳር ነጻ ሲሆኑ፣ በ15ኛው ዓመት የቀሩት 30 ናቸው። ቪታሚኑም ዕድሜ ልክ ይዋጣል።

ታዲያ ሁሉም ሰው ዛሬውኑ ምግብ ይቀንስ ማለታችን አይደለም! በአገራችን ቀጭን የስኳር ሕመምተኛ ብዙ ነው። በልጅነት የምግብ እጥረት የሚመጣውን ስኳር፣ ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በ2025 «አምስተኛው ዓይነት» ብሎ ተቀብሎታል። ለእንዲህ ያለው ሰው ረሃብ መድኃኒት አይሆንም። በ2014 ዓ.ም. በከበባው ጊዜ ሁላችንም ቀበቶ አጥብቀናል፤ ያኔ ኢንሱሊን ያጡትን ቀብረናል፣ ስማቸው በመዝገባችን አለ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊበንክላማይድ የሚውጥ ሰውም ሐኪም መጠኑን ሳያስተካክልለት ምግብ ቢያጎድል፣ ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ይጥለዋል።

ጠያቂያችን ግን ደንዳና ናቸው፤ ከታመሙ 4 ዓመታቸው ነው፤ ኢንሱሊንም አይወጉም። እንግሊዞቹ የመረጡት እንዲህ ያለውን ሰው ነበር። እንግዲህ ከብድሩ በፊት ሐኪማቸውን ስለ ምግቡ ይጠይቁ ብለናቸዋል። እሳቸውም «እጾም የለም ወይ?» አሉን። ይጾማሉ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይተው ሁለት እንጀራ በሽሮ እንደሚጨርሱም እናውቃለን!

ኮሚቴውም አንድ ነገር ወስኗል። ከሚመጣው ወር ጀምሮ በልቅሶ ድንኳናችን ሻይ ያለ ስኳር ይቀርባል፤ ስኳሩ ለብቻው በሳህን ይቀመጣል። አልበላም ያለውንም ሰው «በሞቴ» እያሉ ማስገደድ ቀርቷል።