ተመላሹን ቧንቧ ንኩ



አዘጋጆቹ «ስለ ሥራህ አጭር ነገር ንገረን» ሲሉኝ ስለ ተሳካልኝ ፕሮጀክት ላወራ ነበር። ኋላ ግን ስህተቴን ብነግራችሁ ለተማሪዎቻችን የበለጠ ይጠቅማል አልኩ። ስህተቱን የሠራሁት ደግሞ በገዛ ቤቴ ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት ያደግኩት ሳሪስ ነው። ስመረቅም መጀመሪያ የተቀጠርኩት እዚያው አካባቢ፣ አንድ ፋብሪካ ቦይለር ክፍል ውስጥ ነበር። የክፍሉ ኃላፊ የነበሩት ጋሼ ዲፕሎማ አልነበራቸውም። ጠዋት ሲገቡ ግን ከጌጁ በፊት የሚያዩት ተመላሹን ቧንቧ ነው። «እንፋሎት ሆኖ ከተመለሰ ሥራውን ሳይሠራ ነው የመጣው» ይሉን ነበር። ልክ ነበሩ። 1 ኪሎ እንፋሎት ወደ ውሃ ሲለወጥ ወደ 2,250 ኪሎ ጁል ይለቃል፤ ያው 1 ኪሎ ውሃ በ1 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ የሚለቀው 4.2 ብቻ ነው።

አሁን የምኖረው እንግሊዝ አገር ነው፤ ቤቴም ግንቡ ድፍን ጡብ የሆነ አሮጌ ቤት ነው። እዚያ ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ አሮጌ የጋዝ ቦይለር ሲቀየር በአብዛኛው ኮንደንሲንግ ቦይለር መግባት አለበት። ይህ ቦይለር በጭሱ ውስጥ ያለውን የውሃ ተን ወደ ውሃ ለውጦ፣ በጭስ ማውጫ ይባክን የነበረውን ሙቀት ይሰበስባል። ከተፈጥሮ ጋዝ ሙቀት ወደ 10 በመቶ የሚሆነው እዚያ ተን ውስጥ ነው ያለው። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ከራዲያተሮቹ የሚመለሰው ውሃ ከ55 ዲግሪ በታች መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከሆነ ተኑ ውሃ ሳይሆን ወጥቶ ይሄዳል።

እኔ ቦይለሩን አስቀየርኩ፣ ራዲያተሮቹን ግን እንዳሉ ተውኳቸው። የሚወጣውን ውሃ 55፣ የሚመለሰውን 45 ላይ አድርጌ ኮራሁ። በዚያው ክረምት እናቴ ከሳሪስ ልትጠይቀኝ መጣች። የተኛችበት የማዕዘን ክፍል አልሞቅ አለ። ጋቢዋን ደርባ ራዲያተሩን እየነካች፣ «ልጄ፣ ይሄ ብረት ለብ ይላል እንጂ መች ይሞቃል?» ትለኝ ጀመር። ሦስት ወር ልትቆይ የመጣች ሰው፣ ሦስት ሳምንት ሳይሞላት «ወደ ሳሪሴ መልሰኝ» አለች። ደንግጬ ውሃውን ወደ 80 ከፍ አደረግኩት። ክፍሉ ሞቀ፤ ተመላሹ ግን 60 ዲግሪ ሆነ። በውድ የገዛሁት ቦይለር እንደ ተራ ቦይለር መሥራት ጀመረ። ወይ እናቴ ትበርዳታለች፣ ወይ ጋዙ ይባክናል።

ያን ጊዜ ነው ወረቀት ያወጣሁት። በ2ኛ ዓመት የተማርነው ሒሳብ ነው፤ ስፋት ሲባዛ በግድግዳው የሙቀት ማስተላለፍ መጠን፣ ሲባዛ በውስጥና በውጭ የሙቀት ልዩነት። ውስጡን 20፣ ውጭውን ከዜሮ በታች 2 ዲግሪ አድርጌ ያዝኩ። 18 ካሬ ሜትር ገደማ የሆነው የውጭ ግድግዳ 840 ዋት፣ ነጠላ መስታወት ያለው መስኮት 220፣ ኮርኒሱ 90፣ በስንጥቅ የሚገባው ቀዝቃዛ አየር 280። ድምሩ 1,430 ዋት ነው።

ራዲያተሩ ላይ የተጻፈው 1,500 ዋት ነበር። ታዲያ ምን ጎደለ? ያ ቁጥር የሚሠራው የራዲያተሩ አማካይ ሙቀት ከክፍሉ በ50 ዲግሪ ሲበልጥ ነው። በ55 እና በ45 ሲሠራ አማካዩ 50 ነው፤ ከክፍሉ የሚበልጠው በ30 ብቻ። 30 ለ50 ተካፍሎ በ1.3 ፓወር ከፍ ሲል 0.51 ገደማ ይሰጣል። 1,500 የተባለው ራዲያተር የሚሰጠኝ 770 ዋት ነበር፤ የሚያስፈልገኝን ግማሽ ያህል ማለት ነው።

መጀመሪያ የመስኮቱንና የበሩን ስንጥቅ ደፈንኩ፤ የሚገባው አየር በግማሽ ቀንሶ ፍላጎቱ ወደ 1,290 ወረደ። ከዚያ በቦታው 2,700 ዋት የተጻፈበት ባለ ሁለት ሳህን ራዲያተር አስገባሁ። ርዝመቱ ያው ነው፣ ውፍረቱ ብቻ ጨመረ። በ55 ዲግሪ ውሃ ወደ 1,390 ዋት ይሰጣል። ክፍሉ ሞቀ፤ ተመላሹን ስነካው ለብ ያለ ነው። እናቴም ሦስት ወሯን ጨረሰች።

«እኛ አገር ራዲያተር የታለ?» ትሉ ይሆናል። ሆቴልና ፋብሪካ ውስጥ ግን ቦይለር አለ፣ ካታሎጉም የተጻፈው ለባሕር ጠለል ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየር ግፊቱ በሩብ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ በርነሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፣ ራዲያተርም ለአየሩ የሚሰጠው ሙቀት ያንሳል፣ ተኑ ውሃ የሚሆንበት ሙቀትም ጥቂት ዲግሪ ይወርዳል። ካታሎግ ገልብጦ የሚያዝዝ መሐንዲስ እኔ የሠራሁትን ስህተት ይደግማል።

ባለፈው ሳምንት ሳሪስ የእናቴ ቤት ተቀምጬ ያንኑ ሒሳብ ለእሷ መኝታ ቤት ሠራሁ። የጭቃ ግድግዳ፣ ከላይ ቆርቆሮ፣ ኮርኒስ የለም። የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ ዋናው መንገዱ ጣሪያው ሆኖ ተገኘ። ማሞቂያ ልገዛላት ነበር ያሰብኩት፤ ትናንት አናጺ አስመጥቼ ኮርኒስ አስለካሁ።

መምህራኖቻችንን አንድ ነገር ልለምን። ለተማሪዎቹ የቤት ሥራ ስትሰጡ የየራሳቸውን ቤት አስለኩአቸው። እኔ የሠራሁበትን ወረቀት ከነስርዝ ድልዙ ለዲፓርትመንቱ ትቼ እሄዳለሁ።