የዘጋ ተመልሶ ይይ
(ለምእመናንና ለፕሮጀክት ሠራተኞች ከተሰጠ ንግግር)



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ወረርሽኝ ሲነሣ መንግሥት ምን ማድረግ ይገባዋል?» የሚል ነው። አንዳንዱ «ከነፍስ የሚበልጥ የለምና ሁሉ ይዘጋ» ይላል። ሌላው «በሽታው የተወውን ረኀብ ይገድለዋልና ሥራ አይቁም» ይላል። ሁለቱም የሚከራከሩት ስለ ሰው ሕይወት ስለ ሆነ፥ አንዱን ፈሪ ሌላውን ጨካኝ ብለን አንፍረድ።

መንግሥት ዝም ካለና ካልተዘጋጀ ምን እንደሚሆን አባቶቻችን አይተዋል። በኅዳር ወር 1911 ዓ.ም. የዓለሙ ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባን ሲመታ፥ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ነበር። ሐኪሙ ጥቂት ነበር፤ ሙታንን የሚቀብር ጉልበትም ታጣ። ስለዚህ መንግሥት ሥልጣኑን ለሕዝብ ጤና ማዋሉ በደል አይደለም፤ የተሾመበት ሥራ ነው።

ነገር ግን እንዴት ይዝጋ? በዘሌዋውያን ምዕራፍ 13 ያለውን ሥርዓት ተመልከቱ። ካህኑ ደዌ የተጠረጠረበትን ሰው 7 ቀን ለይቶ ያቆየዋል። በ7ኛው ቀን ግን ካህኑ ራሱ ተመልሶ ያየዋል። ቀኑ የተወሰነ ነው፤ የዘጋውም ሰው ተመልሶ የማየት ግዴታ አለበት። ለዛሬ መንግሥታትም መለኪያው ይህ ይመስለኛል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በተስፋፋ ጊዜ የሕንድ መንግሥት 1.3 ቢሊዮን ያህል ሕዝብ ለ21 ቀን ከቤቱ እንዳይወጣ አዘዘ። ትእዛዙ በተነገረና በጸና መካከል የነበረው ጊዜ 4 ሰዓት ብቻ ነበር። በከተማ ሥራ የተዘጋባቸው የቀን ሠራተኞች ልጆቻቸውን አዝለው፥ መቶ መቶ ኪሎ ሜትር በእግር ወደ ትውልድ መንደራቸው ተጓዙ። ትእዛዙ ቤትና ስንቅ ያለውን ሰው አስቦ፥ የሌለውን ረሳ።

በአገራችን የመጀመሪያው በሽተኛ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ተገኘ። ትምህርት ቤቶች ወዲያው ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀንም የ5 ወር የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። ብዙው ሰው የዕለት ጉርሱን በዕለቱ የሚያገኝ በመሆኑ ሁሉን ቤት መዝጋት አልተመረጠም። ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፤ አከራይ ተከራዩን እንዳያስወጣ፥ አሠሪም ሠራተኛውን እንዳያሰናብት ታዘዘ። ይህ የድኻውን ኑሮ ያሰበ ነበር። ሆኖም ውል የሌላት የቤት ሠራተኛ፥ ጉሊት ቸርቻሪዋና ሊስትሮው አሠሪ ስለሌላቸው ወይም ውል ስላልያዙ፥ ዐዋጁ ሊደርስላቸው አልቻለም። እነርሱን ለማየት ከወረቀት ይልቅ እግር ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ የእኛ ድርሻ ይጀምራል። የጤና ትእዛዝን እንጠብቅ፤ የምንጠብቀውም ባልንጀራችንን ስለምንወድ ነው። እንታዘዝ ስንል ግን አፋችንን እንዝጋ ማለት አይደለም። ቤተ ክርስቲያንና ዕድር በየሰፈሩ ያለውን ቤት ያውቃሉ፤ ማን ጾሙን እንዳደረ፥ የትኛው አረጋዊ ጠያቂ እንዳጣ ያውቃሉ። እናንተ የፕሮጀክት ሠራተኞች ይህን በመዝገብ ይዛችሁ፥ ለቀበሌና ለወረዳ በአክብሮትና በእውነት አስታውቁ። ባለ ሥልጣን ያላየውን የሚያሳየው ሰው ጠላቱ አይደለም፤ ረዳቱ ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናው አስቸኳይ ጊዜ ማብቃቱን አስታወቀ። ሌላ ወረርሽኝ ግን አይመጣም የሚል የለም። እንግዲህ በደኅናው ቀን እንዘጋጅ። በየአጥቢያችሁ የድኾችን ቤት መዝግቡ፤ እህልና ሳሙና የሚገዛበት ጥቂት ገንዘብ ለዩ፤ ከጤና ጣቢያው ሠራተኞች ጋር ከአሁኑ ተዋወቁ። ስለ መሪዎቻችንም ጸልዩ፤ ለመዝጋት ድፍረት፥ ተመልሶ ለማየትም ትሕትና እንዲሰጣቸው።

የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።