ከአንገት በላይ ያለ ጥቁር ምልክት፦ በቆዳ ላይ እና በአፍና በአፍንጫ ውስጥ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሠራተኛ ስለ ካንሰር ምን አገባት የምትሉ አትጠፉም። ያገባን መዝገቡ ነው። የዓመቱን ሒሳብ ስንዘጋ በአንዲት እናታችን ስም ሁለት ወጪ አገኘን። አንደኛው ለደሴ ጉዞና ለምርመራ ያበደርናት፣ ሁለተኛው ለለቅሶዋ ያወጣነው ነው። በሁለቱ መካከል አራት ወር እንኳ የለም። ሕመሙ ግን ከጀመራት ከዓመት በላይ ሆኗት ነበር። አንዱ የአፍንጫዋ ቀዳዳ ይደፈናል፣ በዚያው በኩል ደም ይነስራታል። እሷም እኛም “ሳይነስ ነው” ብለን ተቀመጥን። በመጨረሻ ሐኪሞች የነገሯት ስም ሜላኖማ የሚል ነበር። ጠይቀንና አንብበን የተረዳነውን ዛሬ ልናካፍላችሁ ነው።

ለቆዳችን ጥቁረት የሚሰጠውን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት አሉ። ሜላኖማ የሚባለው ካንሰር የሚነሳው ከነዚህ ሕዋሳት ነው። ሕዋሳቱ በፊታችን፣ በጆሯችን፣ በራስ ቅላችን ቆዳ ላይ አሉ። በአፍና በአፍንጫ ውስጥ ባለው እርጥብ ስስ ሽፋንም አሉ። ስለዚህ በእነዚህ ቦታዎች ሁለት ዓይነት ሜላኖማ አለ፤ ስማቸው አንድ ቢሆንም ጠባያቸው ይለያያል።

የቆዳው ከፀሐይ ጋር ይያያዛል። ደጋ በወጣን ቁጥር የፀሐይ ጨረር ስለሚበረታ፣ በእርሻና በገበያ ስንውል ነጠላውም ጥላውም ይጠቅማል። የውስጡን ግን ፀሐይ አያመጣውም፤ መነሻውም በእርግጥ አልታወቀም። የቆዳው ዓይን ያየዋል፤ የውስጡ ተደብቆ ያድጋል። የቆዳው ሳይሰራጭ ተገኝቶ ተቆርጦ ከወጣ አብዛኛው ሰው ይድናል። የውስጡ ከሜላኖማዎች ሁሉ ከ100 አንድ ገደማ ቢሆንም ክፉ ነው። ሐኪሞች ካንሰርን ከ1 እስከ 4 ደረጃ ሲሰጡት፣ ከአንገት በላይ ላለው የውስጡ ሜላኖማ ትንሽ ሳለ እንኳ ቆጠራው ከ3 ይጀምራል። ከታወቀ በኋላ 5 ዓመት የሚቆዩት ከ4 ሰው አንድ ገደማ ናቸው።

“ይህ የነጮች በሽታ ነው” የሚል ወሬ ሰምተናል። ቦብ ማርሌይ ግንቦት 3 ቀን 1973 ዓ.ም. በ36 ዓመቱ ያረፈው በእግሩ ጣት ጥፍር ሥር በጀመረ ሜላኖማ ነው። በእርግጥ በነጮች ቆዳ ላይ በጣም ይበዛል። በጥቁር ሰው ሲመጣ ግን ብዙ ጊዜ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ነው፦ በውስጥ እግር፣ በጥፍር ሥር፣ በአፍና በአፍንጫ ውስጥ።

እኛን በተለይ የሚመለከተን ድዳችን ነው። ብዙ እናቶቻችን በልጅነታቸው ድዳቸውን ተነቅሰዋል፤ ሳይነቀሱም ድዳቸው የጠቆረ ብዙ ናቸው። ይህ በሽታ አይደለም። አስቸጋሪው፣ በጥቁር ድድ ላይ አዲስ ጥቁር ነገር ቢወጣ ማን ያስተውለዋል? የአፍ ሜላኖማ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣው በላንቃና በላይኛው ድድ ላይ ነው። ንቅሳት ባለበት ይቆያል፤ አያድግም፣ አይነሳም፣ አይደማም። የሚሰፋ፣ የሚያብጥ፣ የሚደማ ወይም ጥርስ የሚያነቃንቅ ከሆነ ንቅሳት ነው ብለን አንለፈው። አንዳንዱ ጭራሽ ጥቁር ሳይሆን ቀይ ሥጋ መሳይ ነው።

በቆዳ ላይም እንዲሁ ነው። ከልጅነት ጀምሮ ያለ፣ “ማርያም የሳመችኝ” የምንለው ምልክት ሳይለወጥ ከኖረ አያሰጋም። ቅርጹ የተዛባ፣ ጠርዙ የተቆራረጠ፣ ቀለሙ የተቀላቀለ፣ ከ6 ሚሊ ሜትር የሰፋ፣ ከሁሉም በላይ የሚለዋወጥ ከሆነ ግን ለሐኪም ይታይ። የራስ ቅልን ባለቤቷ አታየውም፤ ሹሩባ የምትሠራት ታየዋለች። ሹሩባ የምትሠሩ እህቶች፣ አዲስ ነገር ስታዩ ዝም አትበሉ።

አትደንግጡ፤ አብዛኛው ነስርና የአፍንጫ መደፈን ካንሰር አይደለም። ነገር ግን በአንድ በኩል ብቻ ሆኖ 3 ሳምንት ካለፈው፣ ወይም በአንገት ላይ የማይጠፋ ንፍፊት ካለ፣ ወደ ጤና ተቋም እንሂድ፤ የአንገት በላይ ሐኪም እንዲያየን እንጠይቅ። አናስተኩሰው፣ አናስበጣው። ጠበሉም ዱዓውም ከምርመራው ጋር ይሂድ እንጂ ምርመራውን አያስቀር። እብጠት ተቆርጦ ሲወጣም “ናሙናው ለምርመራ ተልኳል ወይ?” ብለን እንጠይቅ፤ ካንሰር መሆኑ የሚታወቀው በዚያ ነው። ሕክምናው በዋናነት ቀዶ ጥገና ሲሆን ጨረርም ሊታከልበት ይችላል። ለብዙ ዓመታት በአገራችን የጨረር ሕክምና የነበረው በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ከመካነ ሰላም ተነስቶ እዚያ መድረስ፣ ተራ መጠበቅ፣ ቤት መከራየት ምን እንደሚያስወጣ የምናውቀው እኛ ነን።

ስለዚህ ለጉባኤው አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ዛሬ ለለቅሶ የሚወጣው ገንዘብ በዕለቱ ይከፈላል፤ ለምርመራ የሚወጣው ግን ዋስ ተጠርቶ፣ ኮሚቴ ተሰብስቦ ነው። ያቺ እናታችንም ዋስ ፍለጋ ስትመላለስ ሳምንታት አልፈዋል። ለመጀመሪያ ምርመራ የሚሆን የጉዞ ገንዘብ ያለ ዋስ፣ በዕለቱ እንዲከፈል እንወስን። ወዳጆቻችንም ለዚህ ብቻ የሚሆን ትንሽ መነሻ ብትጨምሩልን በየሩብ ዓመቱ ሒሳቡን እናሳውቃችኋለን።

በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡን ስንከፍት ከለቅሶው ዓምድ ይልቅ የምርመራው ዓምድ ሞልቶ እንድናይ እንመኛለን።